ዳገት የሌለው ሐዲድ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ካርታ ሠሪዋን «ውኃልክ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው። አንድ እሑድ ምሳ ቤቱ ቢጋብዛት፣ ገና ወንበር ሳትስብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሠርጉን ፎቶ አቃናችለት። ይህ ሳያንስ ከቦርሳዋ ያቺን መሀሏ ላይ የአየር አረፋ የምትዋኝባትን የግንበኛ ውኃልክ አወጣችና ምግብ ጠረጴዛው ላይ አጋድማ «ወደ ግራ ያዘነብላል» ብላው አረፈች። ጠረጴዛውን የሾፌሩ ሚስት ከእናቷ ነው የወረሰችው። ከዚያ ወዲህ ውኃልክ እዚያ ቤት ለምሳ ተጠርታ አታውቅም።

ክፉ ሆና አይደለም። ጠማማ ነገር አይቶ ዝም ማለት አልፈጠረባትም፣ በቃ። ለካርታ ሥራ እንዲህ ያለ ጠባይ ወርቅ ነው። ለዘመድ አዝማድ ግን መከራ ነው፤ መከራውን ደግሞ ቤተሰቧ በየተራ ቀምሶታል።

ያን ጊዜ የያዘችው ሥራ ድንበሩ ነበር። ሁለቱ ጎረቤት አገሮች ድንበራቸውን ከዳር እስከ ዳር ሊያጥሩ ተስማምተው፣ አጥሩ የት የት በር እንደሚኖረው የሚያሳይ ካርታ አዘዙ። ትእዛዙ አጭር ነው፦ መኪና ወይም ባቡር የሚሻገርበት ቦታ ሁሉ ካርታው ላይ ይግባ፤ ለገባው በር ይተውለት፤ ያልገባው ይታጠር። ከእያንዳንዱ አገር አንዳንድ ሰው ተመደበ። ከዚህኛው ወገን እሷ ነበረች። ከወዲያኛው የመጣው ደግሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣውን ለፀሐይም ለጥላም የማያወልቅ ቀያሽ ነው። «ዛሬ ይበርዳል» ቢሉት «በምን ተለክቶ?» ብሎ ይጠይቃል። አቶ ማስረጃ ብላ ስም ያወጣችለት እሷው ናት፤ እሱም ሰምቶ አልከፋውም፣ እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም።

ሁለቱ አንድ ሉህ ላይ ነው የሚሠሩት። እሷ መንገዱን በሰማያዊ እርሳስ ከራሷ በኩል እስከ ድንበሩ ታመጣለች፣ እሱ በቀይ ከራሱ በኩል ያመጣል። ሰማያዊና ቀዩ ካልተነካኩ መሻገሪያ የለም። መሻገሪያው «የሚሠራ ነው» ለመባል ደግሞ ጭነት ይዞ ሲሄድም ሲመለስም ሁለቱም በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ሲያዩም መግፋት፣ መጥራት፣ መለመን፣ በእጅ መንካት ክልክል ነው። ይህን ክልከላ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። አንድ የመንደር ሹም ሣር በበቀለበት መንገድ ላይ የአጎቱን ልጅ ትራክተር ሲያመላልስባቸው ውሎ፣ ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ እነሱኑ «እስቲ ገፋ አድርጉልኝ» ካላቸው በኋላ ነው ያወጡት።

ያልታየ ጉድ አልነበረም። አንዱ ቦታ ላይ ሁለቱ አገሮች ሳይነጋገሩ አስፋልታቸውን ወደ ድንበሩ አምጥተው፣ አንደኛው ከጎመን ማሳ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ያልቃል። የጎመኑ ባለቤት ማሳውን እየጠበቀ በሁለቱም አገር ቋንቋ መሳደብን አቀላጥፎታል። ሌላ ቦታ ደግሞ ድንበሩ የባቡር ጣቢያውን ማረፊያ ክፍል ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ እዚያ ያለው አግዳሚ ወንበር ግማሹ የአንዱ አገር፣ ግማሹ የሌላው ነው። አቶ ማስረጃ ምሳውን የራሱ ግማሽ ላይ ተቀምጦ በላ። ውኃልክ ከወዲህ በኩል ጨው ስታቀብለው መጀመሪያ ግራና ቀኝ አየ።

እንዲህ እየሳቁም እየተነታረኩም የመጨረሻው ሉህ ላይ ደረሱ። ውኃልክ ሉሁን ስትዘረጋው ሆዷ ባባ። እዚያ ላይ ያለው የእናቷ ጓሮ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ እዚያ ሰፈር የጡብ ፋብሪካ ነበር። ሸክላው የሚቆፈረው አሁን እናቷ ካለችበት ቤት ጀርባ፣ ጡቡ የሚጠበሰው ደግሞ ታች አክስቷ ካለችበት ቤት ጎን ነው። ሸክላ የሚያወርድ ጠባብ ሐዲድ በመካከሉ ተዘረጋ። እህትማማቾቹ አባታቸው የፋብሪካው ሠራተኛ ስለነበር እዚያው አደጉ፤ ታላቂቱ ላይ ቀረች፣ ታናሺቱ የምድጃውን ተቆጣጣሪ አግብታ ታች ወረደች። ከዚያ ድንበር የሚባል ነገር መጥቶ በሁለቱ ጓሮ መሀል አለፈ፣ ፋብሪካውም ተዘጋ። ሐዲዱን ግን ማን ይንቀለው? ቀረ። አራት የብረት ጎማና አንድ ሳንቃ ያላት የሸክላ ጋሪም አብራ ቀረች። እህትማማቾቹ «ባቡሩ» ይሏታል።

ባቡሩ ዘመኑን ሁሉ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ሲሆን እናት ያላትን ትጭንበታለች፤ ድንች ይሆናል፣ የታጠበ መጋረጃ ይሆናል፣ አንዳንዴም ባዶ ማሰሮ ነው። ከዚያ በጫማዋ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች። ባቡሩ እየተንኳኳ ይሄድና ድንበሩ ላይ ራሷ በተከለችው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ከዓይን ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ከታች «ዱብ!» ይላል፤ የአክስትን የአሸዋ ጆንያ ሲመታ ነው። ቆየት ብሎ ቁጥቋጦው ይንኮሻኮሽና አክስት ባቡሩን እየገፋች፣ ሻሿን አሳምራ፣ ጥርሷን ፈልቀቅ አድርጋ ብቅ ትላለች። ወሬያቸውን ሲሰልቁ ይውሉና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አክስት ሳንቃው ላይ ቁጭ ብላ፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴትዮ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በጫማዋ ተረከዝ ፍሬን እየያዘች ወደ ቤቷ ትወርዳለች። የጠረፍ ጠባቂዎቹ እንኳ ለምደውት እጃቸውን ያውለበልቡላታል።

ታዲያ ባለፈው አንድ ቀን አክስት እንደልማዷ መጣችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«እፎይ! ዛሬስ ዳገቱ ነፍሴን አወጣት» አለች።

«የቱ ዳገት?» አለች እናት።

«የቱ ትያለሽ እንዴ እትዬ? የባቡሩ ነዋ።»

«ባቡሩ የሚሄደው ሜዳ ላይ ነው።»

«ላንቺ ነው ሜዳው። አንቺማ በእግርሽ ጣት ነክተሽ ትሰጂዋለሽ። የምጋፋው እኔ።»

«ሐዲዱ ምንም አልሆነም ሚጡዬ፤ አንቺ አርጅተሽ ነው።»

እዚህ ላይ ነገር ተበላሸ። ታላቅ እህት ታናሿን «አርጅተሻል» ስትል ማን ይሰማል? ከወዲያ ከወዲህ ቃል ተወራወሩ፤ የሞተ አባታቸውም ሳይቀር ተነሣ። በመጨረሻ እናት ጠረጴዛውን መታ አድርጋ «ልጄ ትለካዋለች! የእኔ ልጅ አትዋሽም!» አለች፣ አፏን ሞልታ።

ሌላ ልጅ ቢሆን «ኧረ እናንተ ደግሞ፣ ትንሽ ነገር ናት» ብሎ፣ ሁለቱንም ስሞ፣ ነገሩን ያበርድ ነበር። ውኃልክ ግን ሦስት እግር ያለውን መሣሪያዋን ተክላ፣ የመለኪያ ዘንጉን ከላይ እስከ ታች ይዛ ወርዳ፣ ደግማ ለክታ፣ ደብተሯን ዘግታ መጣችና ሁለቱ በተቀመጡበት ፍርዷን ሰጠች።

«ዳገት ነው እማ። ለዚያውም የዋዛ አይደለም።»

እናት ወደ ልጇ ዞረች። «በእናትሽ ላይ ነው መሣሪያ የምታነሺው?» አለች።

አክስት በድል ፈንታ ሆድ ባሳት። «እንግዲህ እትዬ ዳገት ነው ብላ በአፏ እስክትናገር ድረስ አልመጣም» ብላ ሳንቃው ላይ ተቀምጣ ወረደች። ባቡሩ ታች እንደቆመ ቀረ። ቀናት አለፉ፣ ሳምንታት አለፉ። እናት ከሰዓት በኋላ ሲሆን ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች፤ ቁጥቋጦው አይንኮሻኮሽም። «ፀሐይ ልሞቅ ነው» ትላለች። በደመናም ቀን ትወጣ ነበር።

እንግዲህ ውኃልክ ሉሁን ዘርግታ የባባችው ለዚህ ነው። ባቡሩ ሲሄድና ሲመለስ ካልታየ ሐዲዱ «የማይሠራ» ይባላል፣ አጥሩም ላዩ ላይ ይተከላል። ሁለቱ አሮጊቶች ለመገናኘት በሩቁ የአስፋልት በር ዞረው፣ አውቶቡስ ቀይረው፣ ወረፋ ይዘው ነው የሚሆነው። በዚህ እልካቸው ደግሞ አንዳቸውም አይዞሩም፤ እንዲያው ተኳርፈው ይሞታሉ። ይህን ያመጣችው የገዛ አፏ መሆኑን ስታስበው እንቅልፍ አጣች።

እናቷን ኩሽና ውስጥ ድስት ስትፈትግ አገኘቻት።

«እማ፣ ባቡሩ ካልሄደ ይታጠራል።»

«ይሂዳ። ማን ያዘው?»

«ያለው እኮ እሷ ጋ ነው።»

«ታዲያ ትግፋው። ሜዳ ነው፣ ምን ያቅታታል?»

አክስቷ ዘንድ ወረደች። አክስቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አክስቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብትገፊው…»

«ሜዳ ነው ብላ የለ? ሜዳ ከሆነ ትምጣና ትውሰደዋ!»

ሁለቱም የሚከራከሩት በዚያው በሜዳው ነበር፤ ውኃልክ መሳቅም ማልቀስም ቃጣት።

አቶ ማስረጃ ደግሞ በበኩሉ መጀመሪያ ነገር ባቡር መሆኑን አልተቀበለም።

«ይህ ጋሪ ነው» አለ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በጣቱ እየነካ።

«መመሪያው ‹በሐዲድ ላይ በጎማ የሚሄድ፣ ሰው ወይም ጭነት የሚይዝ› ነው የሚለው» አለች። «የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ጎማውን አንድ ጊዜ አሽከረከረው። «ጎማ አለው» አለ በመጨረሻ፣ ቅር እያለው። «ግን የእናትዎ ጓሮ ስለሆነ በአራት ዓይን ነው የማየው።»

«በስምንት ይዩት» አለች። እውነቷን ነው፤ በእናቷ ጉዳይ ላይ አንዲት ሚሊሜትር እንዳዳላች ቢወራባት ትሞት ነበር። ብቻ ሰውዬው የሚያየው ነገር እንዲኖር ነበር ጸሎቷ።

ከምልከታው ቀን በፊት የድንበሩን መስመር የሚያጸዱ ሠራተኞች መጥተው ያንን ቁጥቋጦ ከሥሩ መነጠሩት። እናት በመስኮት አንገቷን አውጥታ የምታውቀው ስድብ እስኪያልቅባት ተሳደበች። ምሽት ላይ ግን ያልታሰበ ነገር ታየ፦ ከእናት ደጅ እስከ አክስት ደጅ ድረስ ሐዲዱ ወለል ብሎ ተዘረጋ። እህትማማቾቹ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ወዲያው ሁለቱም መጋረጃቸውን ሳቡ፤ መጋረጃዎቹ ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ፣ አበባቸው አንድ ዓይነት ነው።

የምልከታው ቀን ሁለቱ ቀያሾች ከድንበሩ መስመር ግራና ቀኝ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ላይ እናት ደጇ ላይ ምስር ትለቅማለች። ታች አክስት ደጇን ትጠርጋለች። አንዷ የተለቀመ ምስር መልሳ ስትለቅም፣ ሌላዋ የተጠረገ ደጅ መልሳ ስትጠርግ ረፋዱ አለፈ፣ ቀትሩም አለፈ። ባቡሩ ወይ ንቅንቅ። ጠረፍ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ሊያዩ መጥተው ተሰላችተው ተመለሱ። ውኃልክ እርሳሷን እየነከሰች ሰማያዊ ከንፈር አወጣች።

«የሥራ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው» አለ አቶ ማስረጃ፣ ወንበሩን ለማጠፍ እየቃጣው። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ባይሆን… አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሳይሄድ ቢቀር ያሳዝናል።»

«በምን ተለክቶ?» አለች ውኃልክ። ወንበሩን ሳያጥፍ ተወው።

በዚህ መሀል ታች በር ተከፈተ። አክስት ከቤት አንድ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አንከባላ አወጣችና ባቡሩ ላይ ወረወረችው። ተመልሳ ገባች፤ የከሰል ካውያ ይዛ ወጣች። ቀጥሎ ጃንጥላ፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ የብረት ምጣድ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ። በመጨረሻም እያቃሰተች የእጅ ስፌት መኪናውን።

«ሊዘጉት ነው አሉ!» ብላ ወደ ላይ ጮኸች። «እንግዲያው ዕቃሽን ሳልመልስልሽ እንዳይዘጋ! የሰው ገንዳ ይዤ አልቀርም!»

እናት ምስሩ ላይ እንዳጎነበሰች ደነገጠች። የስፌት መኪናው ትውስት አልነበረም። ለሚጡዋ ለሠርጓ የሰጠቻት ስጦታ ነው።

አክስት መግፋት ጀመረች። ስትገፋ ደግሞ እንደ ሰው በእጇ አይደለም። ዞረች፣ ጀርባዋን ለባቡሩ ሰጠች፣ እግሮቿን ሐዲዱ መሀል ካሉት እንጨቶች ላይ ተከለችና በወገቧ አስነሣችው። ጥቂት እንደሄደች በእግሯ ከሐዲዱ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሳብ አድርጋ ጎማው ሥር ሸጎጠች። ጉልበቷን ይዛ ተነፈሰች። ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሰች። ገፋች። ራቅ ብሎ ሌላ ድንጋይ ነበር፤ እሱንም ሸጎጠች፣ ጉልበቷን ይዛ ተነፈሰች። ከዚያም ሌላ። ድንጋዮቹ ሁሉ ከብዛት አገልግሎት የተነሣ ለስልሰው ያበራሉ።

ውኃልክ ድንጋዮቹን አወቀቻቸው። ያን ቀን በመለኪያ ዘንጓ ሐዲዱን ከላይ እስከ ታች ስትወርድ እነዚህን ድንጋዮች በዓይኗ አይታቸዋለች። አንዱ ላይ እንዲያውም ዘንጉን አቁማበታለች። ለምን እንዳሉ ግን አልጠየቀችም። በአፍረት አቀርቅራ መሬቱን አየች።

እናት ምስሩን ትታዋለች። ወንፊቱን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ቁልቁል ታያለች።

አክስት ቁጥቋጦው የነበረበት ቦታ ልትደርስ አንድ እርምጃ ሲቀራት የመጨረሻውን ድንጋይ ሸጎጠች። ከዚያ ዘወትር እንደምታደርገው አደረገች። በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ከግንባሯ እስከ አንገቷ ጠረገች። ሻሿን ፈትታ አሳምራ አሰረች። ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ተቃናች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ ጥርሷን ፈልቀቅ አድርጋ ፈገግ አለችና ወደ ላይ ዞራ ቀና ስትል፣ ለካስ በልማድ ረስታው ነው እንጂ ቁጥቋጦ የለም። እትዬ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ታያታለች።

ፈገግታው እዚያው ቀረ፣ የሚያርፍበት ጠፋው። ሐዲዱ ላይ ዘጭ ብላ ቁጭ አለች።

ውኃልክ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች። አቶ ማስረጃ «እንዳይነኩ!» አላት፣ በለሆሳስ። ቢነኩት ምልከታው ይሰረዛል፣ ሐዲዱም ይታጠራል። እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች፣ እዚያው ውስጥም ጨበጠቻቸው። እንደዚያን ቀን መመሪያ አስጠልቷት አያውቅም።

ላይ ወንፊቱ ወደቀ፤ ምስሩ ደጁን ሞላው። እናት ያለ ጫማ ሐዲዱን ይዛ እየወረደች ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ሆነሽ ነው የምትመጪው?» አለች፣ እህቷ ራስ ላይ ቆማ።

«አንዳንዴ ነፋስ ያግዘኛል» አለች አክስት ወደ መሬት እያየች።

«ለምን አትነግሪኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ እትዬ። ልጅሽም ለክታ ነገረችሽ።»

 የእናት እንባ መጣ፤ በቁጣ ጠረገችው። «ተነሺ» አለች። «ባቡሩ ላይ ውጪ።»

«ምን ሆነሻል? ዕቃው ራሱ…»

«ውጪ አልኩ! ዛሬ የምገፋው እኔ ነኝ። ሜዳ ነው፣ ምን አለው!»

አክስት ገንዳው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፣ የስፌት መኪናውን ታቅፋ፣ ጃንጥላውን ጉያዋ አድርጋ። እናት እጅጌዋን ጠቀለለችና ገፋች። ጎማው ሲጢጥ ሲጢጥ አለ። ባቡሩ የድንበሩን መስመር አለፈ። አቶ ማስረጃ አንድ ነገር ጻፈ።

«ሜዳ ነው!» አለች እናት፣ ጮክ ብላ፣ ዓለም ሁሉ እንዲሰማ።

ትንሽ ገፋች። «ሜዳ… ነው!» አለች።

ትንሽ ገፋች። «ሜዳ…» አለችና «ነው»ን ለትንፋሿ ተወችለት። የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። ባቡሩ ቆመ። ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል በትከሻዋ ደገፈችው።

«ሚጡዬ» አለች፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል። «ድንጋዩ የታለ?»

«ከዚህ በላይ ድንጋይ የለም እትዬ» አለች አክስት ከገንዳው ውስጥ። «እዚህ ላይ ታዪኝ ነበር። አላርፍም።»

 ውኃልክ ይህን ስትሰማ ኪሷ ውስጥ ያሉት እጆቿ ሊወጡ ሆነ። ይሰረዝ፣ ይታጠር፣ ምናባቱ! ልትሮጥ አንድ እግሯን አንሥታ ሳለች አጠገቧ ኮረኮንቹ ኮሽ አለ። አቶ ማስረጃ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። የግራ እግሩ ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አንድ ደህና ድንጋይ መትቶ ኖሮ፣ ድንጋዩ ተንከባሎ ሄዶ ልክ ጎማው ሥር ተወተፈ።

«ደመናው…» አለ አቶ ማስረጃ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም።

«አየሁት» አለች ውኃልክ። «ትልቅ ደመና ነው።»

እናት ያንኑ ድንጋይ በእግሯ እያስከተለች አረፈች፣ ገፋች፣ አረፈች፣ ገፋች። ላይ ስትደርስ የፈሰሰው ምስር ላይ ተዘርግታ ተቀመጠች። አክስት ከገንዳው ወጥታ ዕቃውን ልታወርድ ስትል እጇን ያዘቻት።

«ምን ልሁንበት? የሰጠሁትን አልቀበልም። ይዘሽ ውረጂ።»

«ብቻዬን አልወርድም» አለች አክስት።

እንዲህ ሆነና እናት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንቃው ላይ ወጣች። ማንም አልገፋቸውም፤ አክስት ተረከዟን ማንሣት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ባቡሩ ሜዳ ሙሉ ሰው እንደሚያሳድደው ነጎደ። እናት ገንዳውን በአንድ እጅ፣ እህቷን በአንድ እጅ አንቃ «ኡኡ! ኡኡ በሉልኝ!» እያለች በሁለቱ ቀያሾች መሀል አለፈች፤ ሻሿ በርሮ አቶ ማስረጃ ወንበር ላይ አረፈ። ታች «ዱብ!» አለ።  ቀጥሎ የሁለት አሮጊቶች ሳቅ ተሰማ፤ እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ውኃልክ ከልጅነቷ ወዲህ ሰምታ አታውቅም። ምሥክር ሊሆኑ የተመለሱት ጠረፍ ጠባቂዎች አጨበጨቡ።

ሁለቱ ቀያሾች ሉሁን ይዘው ወረዱ። አቶ ማስረጃ ሻሹን በአክብሮት ለእናት መለሰና እርሳሱን አወጣ።

«ሲሄድ ታይቷል፣ ሲመለስ ታይቷል፣ ጭነት አለው፣ ሰው አለው» አለ። «ተዳፋቱስ?»

ሁሉም ውኃልክን አዩ። እናቷም አየቻት። ውኃልክ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቁጥር ለመናገር ፈራች።

«ምን ያፈዝሻል?» አለች እናት። «የለካሽውን ጻፊ እንጂ።»

ጻፈች፤ በሰማያዊ፣ አንዲት ነገር ሳትቀንስ።

«ስምም ያስፈልገዋል» አለ አቶ ማስረጃ። «ስም የሌለው መሻገሪያ አይመዘገብም።»

«ሜዳው በሉት» አለች አክስት።

እናት ዞራ አየቻት፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

አቶ ማስረጃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስሙ ከተዳፋቱ ጋር ይጋጫል። ሜዳ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ» አለች ውኃልክ፣ «እነዚህ ሁለት ሴቶች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ዛሬ ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።»

ሰውዬው «ሜዳው» ብሎ ጻፈና ቀዩን መስመር ከሰማያዊው ጋር አገናኘው።

አጥሩ በተተከለ ጊዜ በሐዲዱ ላይ ለባቡሩ የሚበቃ በር ተተወ። በማግሥቱ ውኃልክ ከጡብ ፋብሪካው ፍርስራሽ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ፣ ከቁጥቋጦው ሥፍራ እስከ እናቷ ደጅ ድረስ በሐዲዱ ዳር ደረደረች። እናቷ ወገቧን ይዛ ቆማ አየቻትና፣ መጥታ አንደኛውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ለራሷ እንዲመቻት አጣመመችው። ከዚያ ልጇ ምን እንደምትል ለማየት ቀና አለች። የውኃልክ እጅ ወደ ቦርሳዋ ሄደ፣ ግማሽ መንገድ ደርሶ ተመለሰ።

«ደህና ናት» አለች።